«አክተር አይሞትም»

ባለፈው እትማችን ላይ ስለ ፊልም የጻፈው ወንድማችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በቅንፍ ውስጥ ጥሎ አልፏል። በቅንፍ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ከልቡ የሚያምንበት ነው። «የጁራሲክ ፓርክ ፊልሞች ዋና ተዋንያን ዳይኖሰሮቹ ናቸው፤ ሰዎቹ ቀለብ ናቸው፤ ስለ ቀለብ ሂስ አይጻፍም» ይለናል። ያነበበው ሁሉ ሳቀ፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ሳይቀር እየተቀባበሉ አወሩት። እኔ ግን ይህችን ቀልድ ዝም ብዬ ላሳልፋት አልፈቅድም። እንዲህ ያለው አስተያየት ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንድናስብ የሚፈልጉት ነውና።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እናስላ። (የፊልሞቹን ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1993 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ የመጀመሪያው ፊልም 127 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ዳይኖሰር ስክሪኑ ላይ የሚታየው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ቀንስና እየው። የቀሩት 112 ደቂቃዎች የሰው ናቸው፦ ሲያዝዝ፣ ሲታዘዝ፣ ሲከፍል፣ ሲከፈለው፣ በደመወዝ ሲጨቃጨቅ፣ ሲሸሽ። ቀለቡ ከበላተኛው ሰባት እጥፍ በላይ የሚታይበት ድግስ የት ታይቶ ያውቃል? እንግዲያውስ ፊልሙ ስለ ሰው ነው። ስለ የትኛው ሰው ነው? ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ፣ ሆጤም ይሁን ሸዋበር፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ያደገ ልጅ ሁሉ ማንም ሳያስተምረው አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተር አይሞትም። «አክተር» ስንል ማንኛውንም ተዋናይ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። አክተር አንድ ነው። ፊልሙ ገና ሲጀመር ከኋላ የገባው ሰው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አንዱ በጣቱ ያሳየዋል፣ ከዚያ በኋላ ጥይት ቢዘንብ፣ ሕንጻ ቢናድ ልቡ አይደነግጥም። ሌላው ሁሉ «የአክተሩ ጓደኛ»፣ «የአክተሩ ሴት»፣ «ሌባው» ነው። ስም የለውም። በትርጉም ፊልም ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ድምፅ የሁሉንም ይናገራል፣ የዋናዎቹን ስም ይነግረናል፣ የትንንሾቹን ግን «ያ ሰውዬ» ብሎ ያልፋቸዋል። ተርጓሚው አጥፍቷል አልልም። ምርጫው እሱ ዘንድ ከመድረሱ አስቀድሞ ተደርጓል።

ይህ ሕግ በዳይኖሰሮቹ ፊልም ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የመጀመሪያውን ትዕይንት አስታውስ። ሌሊት ነው። ሠራተኞች ቬሎሲራፕተር ያለበትን ትልቅ የብረት ሳጥን እየገፉ ወደ ግቢው በር ያስጠጋሉ። አንድ ጥቁር ሠራተኛ ሳጥኑ ላይ ወጥቶ መዝጊያውን እንዲያነሳ ይታዘዛል። አውሬው ሳጥኑን ይገፋዋል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ተጎትቶ ይገባል። በዚህ ትዕይንት ስሙ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ «ጆፈሪ» ይሉታል። በፊልሙ መጨረሻ በሚወጣው የስም ዝርዝር ግን «በራፕተሩ ግቢ ያለው ሠራተኛ» ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው። ይህን ክፍል የሠራው ሰው ጆፈሪ ብራውን ይባላል። ለትልልቅ ተዋንያን ሲል የሚወድቅ፣ የሚዘል፣ የሚነድ የስታንት ሰው ነበር፤ ቀደም ብሎ በ1968 ለቺካጎ ከብስ ቤዝቦል ወርዋሪ ሆኖ ተሰልፏል፤ በ2014 አረፈ። እንግዲህ ለገጸ ባሕሪው ስም ማውጣት እንኳ ድካም ሆኖባቸው የሰውየውን የራሱን ስም ጠሩት ማለት ነው።

አሁን ልብ በል። የዚህ ፊልም ታሪክ በሙሉ የቆመው በዚህ ሰው ሞት ላይ ነው። ቤተሰቡ 20 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ፣ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ተጨነቁ፣ የመድን ድርጅቱ ጠየቀ፣ ጠበቃው ጀናሮ ባለሙያ መጥቶ ፓርኩን ይመርምርልኝ አለ፤ ዶክተር ግራንትና ዶክተር ሳትለር ወደ ደሴቱ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ጆፈሪ ባይሞት ሳም ኒል ከሞንታና አፈር አይነቃነቅም፣ ላውራ ደርንን አናያትም፣ ጄፍ ጎልድብለም ደረቱን ከፍቶ አይፈላሰፍም። ሆኖም ክሱ አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ስለ ሰውየው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ልጆቹ አንድ ቃል አንሰማም። ክሱ ራሱ በገንዘብ መጠኑ ነው የሚታወሰው። ይህንን «ቀለብ» ብሎ ማለፍ ይቻላል? ቀለብ ከሆነማ ማን ቀለብ አደረገው?

ጀናሮ ያንን ሁሉ የሚያወራው ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ውስጥ ባለ የአምበር ማውጫ አፍ ላይ ቆሞ ነው። የማውጫው ኃላፊ ግራንት ከቁፋሮው አይወጣልህም፣ እሱም እንደ እኔ ቆፋሪ ነው ይለዋል። ደስ የሚል ንግግር ነው። ከኋላው ግን እውነተኞቹ ቆፋሪዎች ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ትንኝ የታሰረችበትን ድንጋይ ይዞ ይወጣል፣ ሁሉም ተሰብስበው በመብራት ያዩታል፣ ካሜራው ድንጋዩን ይከተላል፣ ቆፋሪው ይቀራል። ፓርኩ የቆመው በዚያ ድንጋይ ነው። (እኛም አገር በሰሜን ሸዋ በኩል አምበር አለ። በ2010 የወጣ ጥናት የዳይኖሰር ዘመን ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ዕድሜውን ወደ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ገደማ አወረዱት። የኛዋ ትንኝ የዳይኖሰር ደም አልቀመሰችም ማለት ነው፤ ደረቅ ዕድል!)

ሳቅ ለሚቀናችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። ከዚህ ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ደላንታ ወገል ጤና ገደል ላይ፣ የኛ እኩዮች ኦፓል ይቆፍራሉ። ድንጋዩ ዓለም ገበያ ላይ «ወሎ ኦፓል» ተብሎ ስሙ ገንኗል። በ2016 ዓ.ም. ወደ ሃያ የሚሆኑ ቆፋሪዎች ዋሻው ተንዶ እንደተዘጋባቸው ሰምተናል። ከነሱ የአንዱን ስም የሚነግረኝ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። የድንጋዩን ስም ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ፊልም ስጽፍ ይህን ያነሳሁት ካሜራው ድንጋዩን ተከትሎ ቆፋሪውን የሚተወው ሆሊውድ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚከነክነኝ ገና አልተነገረምና።

ፊልሙ የተሠራው ማይክል ክራይተን በ1990 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የፓርኩ ባለቤት ሀሞንድ ይሞታል፤ ትንንሾቹ ዳይኖሰሮች ተሰብስበው ይበሉታል። ሄንሪ ው የተባለው፣ አውሬዎቹን በላቦራቶሪ የፈጠረው ሳይንቲስትም ይሞታል። የአራዊት ጥበቃ ኃላፊው መልዱን ግን ይተርፋል። ጠበቃው ጀናሮም ይተርፋል። ስፒልበርግ ይህን አንብቦ ምን አደረገ? ገለበጠው። በፊልሙ ሀሞንድ በሄሊኮፕተር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዱላውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንድናዝንለት። ሄንሪ ውም ደሴቱን በሰላም ለቆ ይሄዳል፤ በ2015፣ በ2018 እና በ2022 ደግሞ እንደገና እየመጣ ሌላ አውሬ ይፈጥራል። መልዱን በራፕተር ተበላ። ጠበቃውማ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዲበላ ተደረገ፤ እንድንስቅበት።

አንባቢዬ፣ ይህ ድንገት የሆነ ነገር ይመስልሃል? ደራሲው ያጠፋውን ከበርቴ ኪነ ጥበቡ መልሶ አዳነው፤ ደራሲው ያዳነውን ዘበኛ ኪነ ጥበቡ በላው። የአንዱ ነፍስ ለሌላው ተሸጠች። ሀሞንድን የሠሩት ሪቻርድ አተንቦሮ ደግ ፊት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጺም፣ የልጅ ልጆች፣ አይስክሬም። ገንዘብ አልቆጠብኩም እያሉ ደጋግመው ይፎክራሉ። ለኮምፒዩተር ሠራተኛቸው ለኔድሪ ግን ቆጥበዋል! ዌይን ናይት የሠራው ይህ ወፍራም፣ ላቡን የሚጠርግ፣ ሁልጊዜ የሚበላ ሰውዬ ፓርኩን በሙሉ የሚያንቀሳቅስ ሥራ ሠርቶ ክፍያው አነሰኝ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ ያንተ የገንዘብ ችግር እኔን አይመለከተኝም ዓይነት መልስ ይሰጡታል። ቀጥሎ ምን ይሆናል? የደመወዝ ጥያቄ ያነሳው ሰው የፊልሙ ሌባ ሆኖ ያርፈዋል። እንዳናዝንለት አስቀያሚ አድርገው ሣሉት፣ ከዚያ ጭቃ ውስጥ አስገብተው አስበሉት። ሌብነቱን ደግ ነው አልልም፤ ሽል ሰርቆ ለተፎካካሪ ኩባንያ ሊሸጥ ነው መብራቱን ያጠፋው፤ ሰው አልቆበታል። እኔ የምጠይቀው፣ ከነዚያ ሁሉ ሠራተኞች መካከል ስለ ክፍያ አፉን የከፈተው አንድ ሰው ለምን እሱ ብቻ እንዲሆን ተደረገ ነው።

ሬይ አርኖልድ ደግሞ አለ። ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው፤ ያኔ ገና ስሙ አልገነነም። ሲጋራውን በከንፈሩ እንዳንጠለጠለ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ የሰው ሁሉ ነፍስ በጣቱ ላይ ሆኖ የሚውል መሐንዲስ። መብራቱን ሊያበራ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የምናየው ክንዱን ብቻ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ሲወድቅባት ላውራ ደርን ትጮኻለች። የአሟሟቱን ትዕይንት ሀዋይ ሄዶ ሊቀረጽ ነበር፤ በመስከረም 1992 ኢኒኪ የተባለው አውሎ ነፋስ ካዋይ ደሴትን ሲመታ ቀረ። ይሁን፣ ነፋስን አልከስም። ግን እይ፦ ለሌላው ሁሉ መፍትሔ ተፈልጎ ተቀርጿል፤ የእሱ ሞት ሳይቀረጽ ቢቀር ፊልሙ አልጎደለበትም። ክንዱ በቃ።

አፍሪካችንስ? አፍሪካ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የነጭ ሰው የሥራ ልምድ ሆና ነው የምትገባው። መልዱን «ከኬንያ ያመጣሁት የአራዊት ጥበቃ ኃላፊ» ተብሎ ይተዋወቃል፤ የሠራው እንግሊዛዊው ቦብ ፔክ ነው። በ1997 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ትልቁ አዳኝ ሮላንድ ቴምቦ ይባላል። ቴምቦ በስዋሂሊ ዝሆን ማለት ነው። ይህን የዝሆን ስም ተሸክሞ የመጣው ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ፒት ፖስልትዌይት ነው። ሁለቱም ጎበዝ ተዋንያን ናቸው፤ እንዲያውም ፖስልትዌይት ከዚያ ደካማ ፊልም ውስጥ ብቻውን ሰው የሚመስል ነው ብዬ እከራከራለሁ። ግን ኬንያን ከኬንያዊ፣ ስዋሂሊን ከተናጋሪው ለይቶ መውሰድ እንዴት ያለ ጥበብ ነው? ጫካውን የሚያውቀው፣ ዱካ የሚያነበው የማሳይ ወይም የካምባ ሰው የት ሄደ?

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ ያቋርጠኛል፤ «አንተ ነገሩን ሁሉ ወደ ቀለም ትወስደዋለህ» ይላል። ኧረ አልወሰድኩም! በዚያው በ1997ቱ ፊልም ኤዲ ካር የሚባል ነጭ የመሣሪያ ባለሙያ አለ፤ ሪቻርድ ሺፍ ነው የሠራው። ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉትን ሦስቱን ዋና ዋና ሰዎች በመኪናው ጎትቶ እያዳነ ሳለ ሁለት ቲ-ሬክሶች መጥተው ለሁለት ይቀዱታል። በ2015ቱ ፊልም ደግሞ ዛራ የምትባል ረዳት አለች። ጥፋቷ የአለቃዋን የእህት ልጆች እንድትጠብቅ መታዘዟ ብቻ ነው። ከነዚህ ፊልሞች ሁሉ እንደ እሷ ተንገላትቶ የሞተ የለም፤ የሚበር አውሬ አንስቶ ይጥላታል፣ ሌላው ይቀበላታል፣ ውኃ ውስጥ ይደፍቋታል፣ በመጨረሻ ትልቁ የባሕር አውሬ ይውጣታል። አለቃዋ ክሌር ግን በተረከዛም ጫማ ከቲ-ሬክስ ፊት ሮጣ ታመልጣለች። ቀለም አለበት፤ ከቀለሙ ሥር ግን ደመወዝ አለ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰው የሚበላው በቅጥር ደብዳቤው ነው።

አዲሶቹ ፊልሞች ተሻሽለዋል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አልክድም። ወላጆቹ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ የሆኑት ፈረንሳዊው ኦማር ሲ ባሪ ሆኖ በ2015 ተርፏል፣ በ2022ም ተመልሷል። በዚያው በ2022ቱ ፊልም ደዋንዳ ዋይዝ አውሮፕላን አብራሪ ሆና ትተርፋለች፤ ሞሪታኒያ የተወለደው ማሙዱ አቲም የኩባንያውን ምስጢር ከውስጥ ሆኖ የሚያወጣ ሠራተኛ ነው፣ ይተርፋል። ባለቤቱ ኢርፋን ካን በ2015 ሄሊኮፕተሩን ራሱ ሲያበር ወድቆ ሞቷል፤ ከበርቴ ሞተ ማለት ነው፣ እሱም እንደ ጀግና። መልካም። ግን ኦማር ሲ የተረፈው የማን ጓደኛ ሆኖ ነው? የአክተሩ። ዋይዝ የምታበርረው ማንን ነው? አክተሮቹን። ድሮ ይበሉ ነበር፣ አሁን ያገለግላሉ። ይህም ለውጥ ነው ከተባለ ይሁን።

በ2025 የወጣው የመጨረሻው ፊልም ግን አስገርሞኛል። ማሄርሻላ አሊ የጀልባ አዛዥ ነው። መጨረሻ ላይ ሌሎቹን ለማስመለጥ የሚነድ ችቦ ይዞ አስፈሪውን አውሬ ወደ ራሱ ይስባል። እኛ በስልክ ከበን እያየን ነበር፣ አንዱ «በቃ፣ ሄደ» አለ። ማንም አልደነገጠም። ከዚያ ሰውየው በሕይወት ተገኘ! ስክሪኑ ሳይገድለው እኛ ገድለነው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሠለጠኑን ለዚህ ነው፤ ማን እንደሚሞት ቀድመን እናውቃለን፣ ስለዚህ ሲሞት አናዝንም። (ከእሱ ጀልባ ጋር የመጡት ቅጥረኞች ግን አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ልማድ አይለቅም።)

ለምን ይህ ሁሉ ንዴት ይለኛል ያው ጓደኛዬ፤ ዳይኖሰር የት፣ ወሎ የት? እሺ፣ ወሎን እናምጣ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም መሐመድ አሚን የቀረጸውን ማይክል በርክ በቢቢሲ አስተላለፈ። ዓለም አለቀሰ፣ እህል መጣ፣ ነፍስ ዳነ፤ ምስጋናችን አይቀርም። ነገር ግን የዘጋቢዎቹን ስም እነሆ እኔ ዛሬ ሳልሳሳት ጻፍኩት። በዚያ ፊልም ውስጥ የታዩትን የአያቶቼን እኩዮች ስም ማን ይጽፋል? የወሎ ሰው በዓለም ስክሪን ላይ በብዛት የታየው ስም በሌለው ተዋናይነት ነው።

በነዚያው ዓመታት፣ በዚያው ወሎ፣ አሁን አፋር ክልል በሆነችው ሀዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አጥንት አገኙ። ለሦስት ሚሊዮን ዓመት ስም አልባ የነበረችው በዚያው ሌሊት ከቢትልስ ዘፈን ስም ወጣላት፤ እኛም ድንቅነሽ አልናት። ዓለም ጆሃንሰንን ያውቃል፤ አክተሩ እሱ ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዚያው ሀዳር የጥንት ሰው መንጋጋ ያገኘው ግን ከባህል ሚኒስቴር የተላከው ዓለማየሁ አስፋው ነበር። በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ዲኪካ ላይ የሕፃኗን የሰላምን ፊት መጀመሪያ ያየው ጥላሁን ገብረሥላሴ ነው። የቡድኑን መሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድን ብዙዎቻችን እናውቃለን፣ ኩራታችን ነው፤ ጥላሁንን ስንቶቻችን እናውቃለን? የዶክተር ግራንትን ስም ግን፣ ያልኖረውን፣ ያልቆፈረውን፣ ከሆጤ እስከ ኮምቦልቻ ያለ የፊልም ወዳጅ ሁሉ ይነግርሃል።

እኛስ? ባለፉት ሦስት እትሞች የወጡትን አጫጭር ልብ ወለዶች ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚያፈቅር ልጅ ስም አለው፤ ያፈቀራት ልጅ ስም አላት። መነኻሪያ ላይ ሻንጣውን የተሸከመለት «ተሸካሚው» ነው። ቡና ያፈላችለት «ባለ ቡናዋ» ናት። በአንዱ ታሪክ ውስጥ ተሸካሚው በመኪና ይገጫል፣ ለምን ቢባል ጀግናው ስለ ሕይወት ከንቱነት አንድ ገጽ እንዲያስብ! ወላሂ፣ ይህ ከጆፈሪ በምን ይለያል? ሆሊውድን የምንሰድብበት አፍ የዚያኑ የሆሊውድን ሕግ በአማርኛ ይጽፋል። ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ታይቷል፤ በ2015 በወጣው «ክራምስ» በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም፣ አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ቢሆንም፣ ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረው መርከብ ሲነቃ አይቶ መንገድ የሚጀምረው ዳንኤል ታደሰ ነው። አክተሩ እሱ ነው። የኛ ሰው በዚያ ዓይነት ፊልም መካከል ሲቆም ሰማይ አልተደፋም።

ለዓመቱ መዝጊያ የሚታየው ቴአትር ልምምድ ተጀምሯል። ጽሑፉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ፤ ስም ያላቸው አራት ናቸው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ሌባ ሲገባ የሚገደለው «ዘበኛ» ተብሎ ተጽፏል። ደራሲው ወዳጄ ነው፣ አይቀየመኝም። ዘበኛውን እንዲሠራ የተመደበው ከአቀስታ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ ማክሰኞ ዕለት ልምምዱ ሳይጀመር እጁን አውጥቶ «ስሜ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ቴአትሩ ሊታይ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እስካሁን አልመለሰለትም።